ባዶ ነው የተባለው ቤት

ዓርብ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ ዘምዘም ይመር ኮምቦልቻ ገበያ ዳር ባለ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ግድግዳ ፊት ቆማ ነበር። ግድግዳው የዳቦዎቹን ስም ይጽፋል፤ ሥዕላቸውን ግን አያሳይም። ባለቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ በጨርቅ ሲወለውለው ሰንብቷል። ችግሩ ከቆሻሻ አልነበረም። ግድግዳውን የጻፈው ሰው ሥዕል ይኑር ብሏል፤ ሥዕሉ ምን ያህል ይስፋ የሚለውን ግን ረስቶታል። ስፋቱ ያልተነገረለት ነገር ስፋቱ ዜሮ ነው። አለ፣ ግን አይታይም። ዘምዘም አንድ ቃል ጨመረችና ድፎው፣ አምባሻው፣ ሙልሙሉ ግድግዳው ላይ ድርድር አለ።

ሥራዋ ይኸው ነው። ገጽ ጠጋኝ ይሏታል። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሐኪም ቤቱም የሚተዳደረው «ይሁን» በሚባለው ቋንቋ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በይሁን የሚያዝ ሰው የለም። በሩን ተከፈት አይሉትም። «ነዋሪው ፊት ለፊቱ ሲቆም በሩ ክፍት ይሁን» ብለው አንድ ጊዜ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ እንዲኖር የሚጨነቀው ቤቱ ራሱ ነው። ቋንቋው ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይጽፋል። ሁሉም ስለሚጽፍም ዘምዘም ሥራ ፈትታ አታውቅም።

ዕቃዋን ሰብስባ ሳትወጣ አንጓዋ ላይ ያለው ስልክ ነዘራት። እት ደብሪቱ ነበሩ፤ በሰባተኛ ረድፍ፣ በጡረተኞቹ መንደር የሚኖሩ የድሮ ደንበኛዋ።

«ዘምዘምዬ፣ ቶሎ ድረሽ! ጎረቤቴ አያ ይማም ቤታቸው ዘግቶባቸዋል።»

«በሩ እምቢ አለ?»

«በሩማ ምን አለ! ቤቱ ሰውዬው የሉም ብሎ ድርቅ ብሏል እንጂ። እሳቸው ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው ልጄ፣ ጭስ አለ።»

ዘምዘም ሌላ አልጠየቀችም። በሰባተኛ ረድፍ ዓርብ ዓርብ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ባዶ በሆኑ ቤቶች ሁሉ የትኋን ጭስ ይለቀቃል። ሰዓቱ የተመረጠው አብዛኛው ሰው ለጁምዓ ስለሚወጣ ነው። ጭሱ ትኋኑን በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ሰውን በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ የጻፈ የለም፤ ጭሱ ሰው ባለበት ቤት አይለቀቅማ።

ስትደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። አርባ ስምንቱ ቤቶች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። የአያ ይማም ቤት፣ የሠላሳ አንድ ቁጥር፣ መስኮቶች ጠፍተዋል፤ ባዶ ቤት መስኮት ምን ያደርግለታል፣ ግድግዳ ሆነዋል። በሩም እንዲሁ፤ የበር ቅርጽ ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ይታያል። ከመስመሩ በላይ በአረንጓዴ ፊደል «ማንም የለም። ቤቱ ሰላም ነው» ይላል። ከጽሑፉ ጀርባ የሰው ጡጫ ግድግዳውን ይደበድባል።

«ኧረ እዚህ ነኝ! ያ ጀመዓ፣ እዚህ ነኝ!»

ቤቱ ይህን አልሰማም። ሰው በሌለበት ቤት ጆሮ ይዘጋል፤ የሰው ገመና እንዳይሰማ ተብሎ የወጣ፣ ሁሉም የወደደው ደንብ ነው።

የረድፉ ኃላፊ ጌታሰው በር ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ደንብ ይፈራል።

«ቤቶቹን የሚቆጣጠረውን ማዕከል ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ» አላት።

«ምን አሉህ?»

«ቤቱ ባዶ ነው አሉ።»

«ታዲያ የሚጮኸውስ?»

«እሱንም ነገርኳቸው። ሰው ከሌለ ድምፅ ሊኖር አይችልም፣ ከጎረቤት ይሆናል አሉኝ። ጭሱን አቁሙልኝ ብላቸው፣ ባዶ ቤት ላይ ጭስ የሚቆምበት ምክንያት የለም አሉ። ግድግዳ የሚቆርጡት ሠራተኞች ደሴ ናቸው። ከሰባት ሰዓት በፊት አይደርሱም።»

እት ደብሪቱ መጥረቢያ ይዘው ወጥተው ነበር። የመጥረቢያው ስለት ታጥፏል፤ ግድግዳው ላይ ጭረት እንኳ የለም።

ዘምዘም መሬት ላይ ተቀምጣ የማንበቢያ ሰሌዳዋን ከቤቱ ጋር አገናኘች። የሠላሳ አንድ ቁጥር ዓረፍተ ነገሮች መቶ ዘጠና ሦስት ናቸው። ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። እያነበበች ከግድግዳው ጋር ታወራለች።

«አያ ይማም! ዘምዘም እባላለሁ፣ ገጽ ጠጋኝ ነኝ። አብሽሩ፣ እናወጣዎታለን። አሁን ምን ይታይዎታል?»

«ጨለማ! ድቅድቅ ያለ ጨለማ!»

«መቼ ጨለመብዎ?»

«ፈጅርን ሰግጄ፣ ቁርሴን በልቼ፣ አንድ ሰዓት ገደማ።»

«ከመጨለሙ በፊት ምን እያደረጉ ነበር?»

ጡጫው ቆመ። «ጌታሰው እዚያ አለ?» አሉ።

«አለ።»

«እንግዲያው ምንም አላደረግሁም። በራሱ ነው የጨለመው።»

ዘምዘም ጌታሰውን ቀና ብላ አየችው። ጌታሰው ትከሻውን ነቀነቀ።

ማንበቧን ቀጠለች። ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው። በሩ ለነዋሪው ይከፈት፤ ደህና። ባዶ ቤት መስኮቱ ይዘጋ፤ ደህና። ባዶ ቤት ዓርብ ይታጠን፤ ደህና። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቤቱ ለምን ባዶ ነኝ አለ? ከአንድ ዓመት ወዲህ የተጨመሩትን ብቻ ለይታ ብታወጣም ስድሳ ሆኑባት። ቀና ስትል አምስት ሰዓት አልፏል።

«እዘዢው» አላት ጌታሰው በጆሮዋ።

«አይሆንም።»

«የኃላፊ ጣት ካለበት ትእዛዝ ሳይቀበል አይቀርም። በሩን ተከፈት በይው፣ ሰውዬው ይውጡ፣ ከዚያ እንዳሻሽ አንብቢ።»

«ጌታሰው፣ አይሆንም አልኩህ።»

ያለምክንያት አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እማማ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት እንዲሁ ተዘግቶባቸው፣ ሰው እያጣደፋት፣ ዘምዘም በሩን አዝዛው ነበር። በሩ ተከፈተ። ሰው አጨበጨበ። ትእዛዝ ግን ለቅጽበት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧልና ቤቱ ራሱን ወደ ተጻፈው ይመልሳል። እማማ ስንዱ አንድ እግራቸውን ከደፍ አውጥተው ነበር በሩ የተመለሰው። ዳሌያቸው ተሰበረ። በሦስተኛው ወር ሞቱ። ማንም ዘምዘምን አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ነገር አዝዛ አታውቅም።

ይህን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ጌታሰው አልጠበቃትም። አውራ ጣቱን በሩ ላይ ለጠፈና «ተከፈት!» ብሎ ጮኸ።

በሩ አንድ ስንዝር ያህል ተከፈተ። ጨለማው ውስጥ ነጭ ሪዝ፣ ከዚያም የተዘረጋ እጅ ታየ።

«እጅዎን!» ብላ ጮኸች ዘምዘም፣ «አያ ይማም፣ እጅዎን ይመልሱ!»

በሩ ጧ ብሎ ተመለሰ። ደፉ ላይ የተቦጨቀ የሸሚዝ እጅጌ ወድቋል። ዘምዘም አንስታ አገላበጠችው። ደም የለበትም።

«አሉ?» አለች።

«አለሁ» አሉ አያ ይማም ከውስጥ። «ሸሚዙ ነው የሄደው። ያንን ሰውዬ ሁለተኛ እንዳይነካው በይልኝ።»

ጌታሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ግድግዳው «ማንም የለም። ቤቱ ሰላም ነው» እንዳለ ነው።

ዘምዘም አልጮኸችበትም። አጠገቡ ተንበርክካ በለሆሳስ «ስማኝ» አለችው። «ሰውዬው የደበቁን ነገር አለ። አንተን ፈርተው ነው። አንተ እስካለህ አይናገሩም፤ ካልተናገሩ ደግሞ እኔ ስድሳ ዓረፍተ ነገር በአርባ ደቂቃ ውስጥ ፈትሼ አልደርስም።»

ጌታሰው የተቦጨቀውን እጅጌ አየ። ከዚያ ተነሣና ጮክ ብሎ «አያ ይማም! ወደ ረድፉ ጫፍ እየሄድኩ ነው። ጆሮዬንም እይዛለሁ። የምትናገሩትን አልሰማም፣ ሰማሁ ብዬም አልጽፍም!» አለ። ሄደና ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ቆመ። እት ደብሪቱ አላመኑትም፤ ተከትለውት ሄደው የገዛ መዳፋቸውን በእጆቹ ላይ ደረቡበት።

«ሄዷል?» አሉ አያ ይማም።

«ሄዷል። ጆሮውንም ሁለት ሰው ይዞታል።»

«የሟች ባለቤቴ ካውያ አለ። የጥንት ነው፣ ክልክል ነው። ለጁምዓ ጀለቢያዬን ልተኩስ ብዬ ሰካሁት። ቧ ብሎ ብልጭ አለና መብራቱ ሄደ። ከተገኘብኝ ወደ ጋራ መኝታ ነው የሚያዛውሩኝ።»

«መብራቱ ሄዶ ቀረ? ወይስ ተመለሰ?»

«ካውያው እንደገና ሞቋል። ስለዚህ ኃይሉ ተመልሷል። ቤቱ ግን አልተመለሰም።»

ዘምዘም ዓይኗን ጨፈነች። ኃይሉ ለቅጽበት ጠፋና ተመለሰ፤ ቤቱ ግን አልተመለሰም። እንግዲያው የተበላሸ ነገር የለም ማለት ነው። ወድቆ መነሣት ያቃተው ነገር ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት የኃይል ቁጠባ ተብሎ የገባውን ዓረፍተ ነገር ፈልጋ አወጣች፤ ከእሱ ወደ ሌላ፣ ከሌላው ወደ ሦስተኛ ሄደች። ሦስተኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው ወሰዳት።

«ትንሿ መብራት በርታ ትሁን፣ በቤቱ ሰው ሲኖር።»

«በቤቱ ሰው አለ ይባል፣ ዓይን ሲያየው።»

«ዓይን የሚያይ ይሁን፣ ትንሿ መብራት ስትበራ።»

ትንሿ መብራት ክፍሉን ከሚያየው ከቤቱ ዓይን ሥር የምትበራ፣ ምስር የምታህል ቀይ ነጥብ ናት። ድሮ ሌት ተቀን ትበራ ነበር። አሁን ሰው ከውጭ ሲገባ በሩ ይቀሰቅሳታል፤ ውስጥ ላለ ሰው ግን የሚቀሰቅሳት የለም። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻቸው ሲነበቡ እንከን የላቸውም። የጻፏቸውም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ምናልባት ተያይተው አያውቁም።

እት ደብሪቱ ተመልሰው መጥተው ከትከሻዋ በላይ ይመለከታሉ። «ምንድን ነው ልጄ?» አሉ።

«ሦስት እንጨት እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሲቆም አይተዋል? እንደዚያ ነው። አንዱ ለቅጽበት ቢነቀል ሦስቱም ይወድቃሉ። የነቀሉትን ቢመልሱት ግን አይነሡም። መብራቷ ሰውን ትጠብቃለች፣ ሰውዬው ዓይንን ይጠብቃሉ፣ ዓይን መብራቷን ይጠብቃል። እንዲህ ሲጠባበቁ ዓመት ቢቀመጡም አይሰለቻቸውም።»

«ታዲያ አንዱን መሬት ላይ ትከይዋ!»

ዘምዘም ወደ እት ደብሪቱ ዞረች። ልትል የፈለገችውን ቃል አሮጊቷ ቀድመው ብለውታል። ከሦስቱ አንዱ በሌሎቹ ላይ የማይደገፍ ነገር መያዝ አለበት። ትንሿን መብራት ሁልጊዜ ትብራ ብትል ከቁጠባው ደንብ ጋር ይጋጫል፤ ማዕከሉ ሳይፈቅድ አይጸናም። ሌላ ምን አለ? ጆሮ ተዘግቷል። መስኮት የለም። ወለሉ ግን አለ። ወለሉ ለመጥረግ ሲል የእግር ዱካ ይቆጥራል፤ ሰው ኖረ አልኖረ፣ መብራት በራ ጠፋ አይገደውም። ከማንም ጋር አልታሰረም።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ከፈተችና ጨመረችበት፦ «በቤቱ ሰው አለ ይባል፣ ዓይን ሲያየው ወይም ወለሉ የእግር ዱካ ሲሰማው።»

እንዲህ ያለ ለውጥ የረድፉን ኃላፊ አውራ ጣት ይፈልጋል። ጌታሰው ሮጦ መጣ። አነበበው። እንደገና አነበበው።

«ይህ ትእዛዝ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ተመልሶ አይዘጋባቸውም?»

«ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ነው የተለወጠው። ቤቱ የሚመለስበት ሌላ ቦታ የለውም።»

አውራ ጣቱን አሳረፈ። ለስድስት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።

«አያ ይማም!» አለች ዘምዘም ግድግዳውን እየደበደበች። «ይራመዱ! መሬቱን ይርገጡት!»

ከውስጥ የመርገጥ ድምፅ ተሰማ። ግድግዳው አልተለወጠም። ማንም የለም። ቤቱ ሰላም ነው።

«ጠንከር አድርገው!»

«እየረገጥኩ ነው እኮ!»

ሁለት ደቂቃ አለፈ። ዘምዘም የጻፈችውን ደጋግማ አነበበች፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። የእማማ ስንዱ በር ትዝ አላት። ጌታሰው እንደገና እጁን ወደ በሩ ሲያነሣ እት ደብሪቱ ክንዱን ያዙት።

ዘምዘም ወደ ሰሌዳዋ መመልከቷን ተወች። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። የመርገጡ ድምፅ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከእግሯ ሳይሆን ከወገቧ ቁመት።

«አያ ይማም፣ የት ላይ ነው የቆሙት?»

«አልጋው ላይ ነኛ! የጭሱን ቀዳዳ በጋቢ እየደፈንኩ ነው፣ ዝም ብዬ ልሙት እንዴ!»

የሰባተኛ ረድፍ አልጋ ከግድግዳው የሚወጣ ነው፤ እግር የለውም፣ ወለሉን አይነካም።

«ይውረዱ! ጋቢውን ይተዉትና ወለሉ ላይ ይውረዱ!»

አንድ ከባድ ነገር ድም ብሎ ወረደ። ከዚያ አንድ እርምጃ። ከዚያ ሌላ።

አረንጓዴው ጽሑፍ ጠፋ። በጨለመው ግድግዳ ላይ፣ ከምስር የምታንስ የምትመስል ቀይ ነጥብ በቀጭኑ የበር መስመር ውስጥ ታየች። ከዚያ መስኮቶቹ እንደ ሰው ዓይን ቀስ ብለው ተገለጡ፣ ውስጡ በራ፣ ግድግዳውም «እንደምን አደሩ፣ አያ ይማም» አለ።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው አንድ እጅጌ በሌለው ሸሚዝ፣ ባዶ እግራቸውን ደፉ ላይ ቆሙ። ሊወጡ ፈርተው በሩን ግራና ቀኝ አዩት። ዘምዘም እጇን በበሩ መሐል ዘርግታ ያዘችላቸው፤ እስኪወጡ ድረስም አላነሣችውም። በሩ አልተንቀሳቀሰም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን በረድፉ ውስጥ ባዶ ከሆኑት ቤቶች እስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ዝም አለ። ያን ዝምታ አራቱም ቆመው አዳመጡት።

ዘምዘም ደፉ ላይ ተቀመጠችና መጀመሪያ የሳቀች መሰላት፤ ፊቷን ስትነካው ግን እርጥብ ነው። አያ ይማም አጠገቧ ቁጭ ብለው ራሷን ዳበሷት።

«አብሽሪ» አሏት። «ቤቱ የለህም ሲለኝ እኮ፣ በአሏህ፣ አንድ ሰዓት ያህል እኔም ተጠራጥሬ ነበር። አንቺ ስሜን ጠርተሽ የት ነው የቆሙት ስትይኝ ነው አለሁ ያልኩት።»

ጌታሰው ሸሚዙን አውልቆ ሰጣቸው። ስለ ካውያው ማንም አላነሣም። እሱ ያነሣው ሌላ ነበር። «ሌሎቹ አርባ ሰባትም ያው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው ያላቸው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ማዕከሉን ከጠየቅን ወር ይፈጃል።»

«አንተ ጣት አለህ» አለችው ዘምዘም።

ጌታሰው አውራ ጣቱን አየው። «እንነሣ» አለ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ዓረፍተ ነገሩን ያርማሉ፣ ነዋሪውን ከውስጥ ያቆማሉ፣ ኃይሉን ለቅጽበት ያጠፋሉ። መስኮቱ ይጨፈናል፤ ከጨለማው ውስጥ «ልራመድ?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ቤቱ ይነቃና ስማቸውን ይጠራል። በአምስተኛው ቤት ሰው መሳቅ ጀመረ። በሃያኛው ላይ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ከኋላቸው ይከተል ነበር፤ አንዲት ባልቴት ስማቸው ሲጠራ እልል አሉ። የተረገጠው ወለል አንድም ቤት ውስጥ አልዋሸም።

አርባ ስምንተኛው ቤት ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ነዋሪው ሐይቅ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወር አልፏቸዋል። ጭሱ ወጥቶ አልቋል፤ ሽታው ብቻ ቀርቷል። የሚሞክረው ሰው ስለሌለ ዘምዘም ራሷ ገባች።

«አጥፋው» አለች።

ጨለመ። በሩ ተዘጋ። ከውጭ ያለው የሰው ሁካታ እንደተቆረጠ ክር ቆመ። አያ ይማም አምስት ሰዓት ሙሉ በዚህ ውስጥ እንደቆዩ አሰበች። ቤቱ ዘምዘምን አያውቃትም፤ ስሟ በመዝገቡ የለም። አንድ እርምጃ ተራመደች።

ቀይዋ ነጥብ በራች። መስኮቱ ተገለጠ፤ ከሥር የቦርከና ወንዝ በማታ ፀሐይ ይብለጨለጫል። ግድግዳው የማያውቃትን ሴት ጥቂት አየና «እንግዳ አለ» ብሎ ጻፈ።

ጌታሰው ከውጭ «ሠራ?» ብሎ ጮኸ።

«ሠርቷል» አለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ለመነሣት አልቸኮለችም።